ፈረሶች የበሉት ግድግዳ

ጎባ ላይ የጃፓን አዳራሽ የሠራሁት እኔ ነኝ። የሚክድ ካለ ፊቴ ቆሞ ይካደኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብን ከሱቅ ሰሌዳ፣ አናጢነትን ከራሴ እጅ ተማርኩ።

ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ አንድ የሃምሳ አለቃ፣ ቶኪዮ ለእረፍት በሄደ ጊዜ የገዛውን የሥዕል መጽሐፍ አሳየኝ። ጃፓኖች የፈረንጅ ሙዚቃ መማር ሲጀምሩ የሠሩት የእንጨት አዳራሽ ነበረበት። ጣሪያው ከውስጥ እንደ ተገለበጠ ገንዳ ጎበጥ ያለ ነው። ግድግዳው ድርብ ሳንቃ ሆኖ መካከሉ ገለባ ተጠቅጥቆበታል።

«ገለባው ለምንድን ነው?»

«ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው አሉኝ።»

ወዲያው ገባኝ።

የከተማው ሹም ለተማሪዎች መዝሙር የሚሆን አዳራሽ ይሠራ ሲሉ ሥራውን ተቀበልኩ። ጥድ አስወረድኩ፤ ከሮቤ የገብስ ገለባ በአህያ አስጫንኩ። በዝናብ እንዳይሻግት ብዬ ከውጭው ሳንቃ ግርጌ የአየር ክፍተት ተውኩለት። ይህ መጽሐፉ ላይ የለም፤ ከራሴ ጭንቅላት የወጣ ነው!

ሥራው እንዳለቀ ተማሪዎቹ ሲለማመዱ በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋቸው። እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ መጣ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አገሩ ሁሉ ይህን እንዲሰማ ብቻ ነበር የምፈልገው።

በምርቃቱ ዕለት «ፈረስ ከግድግዳው እንዳይታሰር» ብዬ ለመንኩ። ማን ሰምቶኝ! ከአጋርፋ ሳይቀር የመጣው ባላባት ሁሉ እዚያው አሰረ። የሹሞቹ ንግግር ከጠዋት እስከ ቀትር ዘለቀ። መዝሙሩ ሲጀመር ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ መሰለ፤ ልጆቹ ትንፋሽ ሲሰበስቡ ደግሞ ከግድግዳው በኩል የማኘክ ድምፅ ይሰማል። ሮጬ ወጣሁ። ፈረሶቹ አፋቸውን በክፍተቱ አስገብተው ገለባውን ይጎትታሉ፤ የላይኛው ገለባ እየተንሸራተተ ይወርድላቸዋል። ከሹሙ በቅሎ አፍ ላይ መንጭቄ ስወስድ ሹሙ ከኋላዬ ደረሱ።

«አንተ! በቅሎዬን ከመኖዋ ታስነሳለህ?»

«ጌታዬ፣ መኖዋ አይደለም፤ ግድግዳዬ ነው!»

ፈረስ ጠባቂያቸው «ኦቦ፣ ግርግም ሠርተህ በፈረስ ትቆጣለህ እንዴ?» አለኝ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

ገለባውን መልሼ ልሙላ፣ ክፍተቱን በሽቦ ወንፊት ልዝጋ ብል ሹሙ «የድርቆሽ ቤት አላዘዝኩህም» ብለው አዳራሹን ለሌላ ሰው ሰጡት፤ እሱም በሩን ሰፋ አድርጎ የእህል መጋዘን አደረገው። ሳቁን ከረሳሁት ቆየሁ። የማልረሳው ተማሪዎቹን ነው፤ «ያን ቀን ያላማረው ድምፃችን መጥፎ ስለሆነ ነው» ብለው መዝሙሩን ተዉት። መጥፎ አልነበረም! እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።