ለሁለተኛው አጋማሽ የቆየ ምርጫ

ዛሬ ከሥራ ደክሞኝ ስመለስ፣ የሰፈር ልጆች ሜዳ ለመምረጥ ሳንቲም ሲወረውሩ አየሁና ቆምኩ።

ባደግኩበት በቀየት መንደር ስንጫወት ዕጣ የወጣለት ቡድን ወዲያው ጎን ይመርጣል፤ ካሻውም ምርጫውን ለሁለተኛው አጋማሽ ያቆያል። ከራቤል ትምህርት ቤት ልጆች ጋር የተጋጠምን ዕለት አምበላችን ታላቅ ወንድሜ ነበር። ያሸነፈ ደብረ ብርሃን ሄዶ ይጫወታል፤ ለወንድሜ ደግሞ የመጨረሻ የትምህርት ዓመቱ ነበር። ዕጣው ለእኛ ሲወጣ ሽማግሌው የስፖርት መምህራችን ጋሽ ተሾመ ጠሩት።

«አቆየው» አሉት። «ነፋሱ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። ያኔ ከኋላችን እናደርገዋለን።»

«እስከዚያ ቢያገቡብንስ፣ ጋሼ?»

«ትችሉታላችሁ።»

አንድ ጎል ገባብን። እግራችን እስኪዝል ተከላክለን ዕረፍት ወጣን። ከዚያ ወንድሜ ነፋሱ የሚመጣበትን ጎን መረጠ፤ የመጣው ግን ጉም ነበር። ከአጠገባችን ካለው ገደል ወጥቶ ሜዳውን ሸፈነው፤ ኳሷ አልታይ አለችን። ዳኛው ጠብቆ ጠብቆ ጨዋታውን ዘጋው፤ ራቤሎች አለፉ።

ጋሽ ተሾመ እርጥቡ ሣር ላይ ከጎናችን ተቀመጡ። «ማቆየታችን ልክ ነበር» አሉ። ቀጥለውም «ይመስለኛል» አሉ።

ወንድሜ አሁን እዚያው ቀየት ያርሳል። ስንደዋወል ስለ ገብሱና ስለ ልጆቹ እናወራለን፤ ያን ቀን ግን አንስተነው አናውቅም።