ጭሱ የገባበት ድንኳን

እኛ በአሜሪካ በረሃ የምንኖር ናቫሆዎች በበጋ የወንጌል ድንኳን በተከልን ቁጥር፣ ከየት እንደሚመጣ የማናውቀው ሰውዬ ከች ይላል። ጥቁር ባርኔጣ አጥልቆ፣ የነተበ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ማንም ሳያዘው የበግ ጎድን ይጠብሳል። ድንኳኑ ውስጥ ግን ገብቶ አያውቅም።

«አጎቴ፣ ይግቡና ይቀመጡ እንጂ» ይለዋል ፓስተር ዳርዴል፤ ታላቃችንን ሁሉ «አጎቴ» ነው የምንለው።

«ሥጋው ካረረ አሜን የሚልህ የለም» ይላል ቀና ሳይል።

መዝሙሩ ሲጀመር ግን እግሩ ምቱን ሳይመታ አይችልም። የግራ እጁ ጣቶች የመጥበሻ ሹካውን እጀታ እንደ ጊታር ክር ይጫኑታል፤ የት የት መጠጥ ቤት ሲጫወት እንዳነጋ እነሱ ይመስክሩ።

«አትዩት፣ ካያችሁት ያቆማል» ትለናለች አክስቴ ለቬርን። ማገዶውን የምትከምረው እሷ ናት። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ እሳቱ መንገድ ዳር ነበር። በየዓመቱ ክምሩን ትንሽ ትንሽ ወደ ድንኳኑ ታስጠጋዋለች፤ እሱም እሳቱን ተከትሎ ይጠጋል።

ዘንድሮ ጭሱ ገብቶ ፓስተሩን በስብከቱ መሃል አሳለው።

«ለከርሞማ መድረኩ ላይ ነው የሚጠብስልን» አለች አክስቴ በሹክሹክታ።

ፓስተሩ ዓይኑን እያሸ ወደ ድንኳኑ በር መጋረጃ ሄደ። ይዘጋዋል ስንል፣ ጭራሽ ገልጦ አሰረው።