የጋሽ ኑሩ መቁጠሪያ እና ሽኮኮዋ

ቂርቆስ ቤት ያከራዩኝ ጋሽ ኑሩ ውዱእ ሊያደርጉ ወንበር ላይ ያስቀመጡት የቴምር ፍሬ መቁጠሪያ ጠፋ። ግቢው ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። «ወይ አምጣ፣ ወይ ቤቴን ልቀቅ!» አሉኝ።

እኔ የጠረጠርኩት ግቢው ውስጥ ያለው ዛፍ ላይ የምትኖረውን ሽኮኮ ነው። አገሯ ቆላ ነው፤ ቂርቆስ ምን እንዳመጣት እስካሁን አልገባኝም።

«ጋሽ ኑሩ፣ ሽኮኮ እኮ ፍሬ ካገኘች፣ ማለቴ፣ ለክፉ ቀን ብላ ጨለማ ቦታ ትደብቃለች» እያልኩ አስረዳኋቸው። ጭራዋን እንዴት እንደምትቆላ ሳይቀር አሳየኋቸው።

«በቃ! የት ነው የምትደብቀው?»

ይህን ሲሉ ሽኮኮዋ ከዛፉ ወረደችና ገመድ ላይ ያሰጣሁት ጃኬት ኪስ ውስጥ ገብታ ወጣች። ጋሽ ኑሩ እጃቸውን ሰደድ አድርገው መቁጠሪያቸውን መዘዙ።

«አላልኩዎትም?» ብዬ በደስታ ዘለልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። «ለመሆኑ ስንት ወር አሠለጠንካት?»