ሳልሞት አንብብልኝ

ሀይሌ ጋርመንት ኮንዶሚኒየም የገባን ሰሞን የአሥር ዓመት የደራሲነት ዕቅድ አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። መጀመሪያ አጫጭር ልብወለድ፣ አምስተኛው ዓመት ላይ ወፍራም ልብወለድ፣ አሥረኛው ላይ ዝና። ቃለ መጠይቅ እምቢ ማለትም ተካቷል። ባለቤቴ አነበበችውና «ቆሻሻ የምትደፋው በስንተኛው ዓመት ነው?» አለችኝ።

ዕቅዱን ያፈረሰው ግን ዕድሩ ነው። ጎረቤት ሲሞት ሊቀመንበሩ «አንተ ጸሐፊ ነህ አይደል? ቀብሩ ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ አምጣ» አሉኝ። ጻፍኩ፤ ሕዝቡ አለቀሰ፤ አለቀልኝ! ከዚያ ወዲህ ሀና ማርያም የተቀበረ የሰፈር ሰው ሁሉ በእኔ እጅ አለፈ። ሰካራሙን «ተጫዋች»፣ ቋጣሪውን «ቆጣቢ» እያልኩ ስሸኝ ልብወለዴ ምዕራፍ ሁለት ላይ ተገትሮ ቀረ። በሸቅኩ። ሞትስ ቀጠሮ ቢይዝ ምን አለበት?

ሌላው ሞቶ ነበር የሚመጣልኝ፤ ግራውንድ ላይ የሚኖሩት እማማ ግን አንድ ቀን በእግራቸው መጡ። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚሁ መሬት ላይ ጤፍ ያበቅሉ የነበሩ ሰው ናቸው።

«የእኔን አሁን ጻፍና ሳልሞት አንብብልኝ» አሉ። «ምን እንደምትዋሽብኝ ልስማ።»

እንደ ልማዴ «ታጋሽ፣ ዝምተኛ፣ የሁሉ እናት» ብዬ አነበብኩላቸው። በሳቅ ፈረሱ።

«ማንን ነው የቀበርከው? እኔ መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ?»

ከዚያ ነገሩኝ። ባላቸው ሲታመሙ በሬ ጠምደው ራሳቸው አረሱ። «ሴት ዕርፍ ጨበጠች» ብሎ የተሳለቀውን የባላቸውን ወንድም በጅራፍ አባረሩት። ልጆቻቸው ይሄ ወሬ እንዲነሳ አይፈልጉም፤ እሳቸው ደግሞ ሌላ ሴት ሆነው መቀበር አልፈለጉም።

«እማማ፣ ይሄ ቄሱ ፊት ይነበባል?»

«እኔ እንደሆነ አልሰማው! የምታፍረው አንተ ነህ።»

ሳልቀባባ ጻፍኩት። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ቀብሩ ላይ ለማንበብ ቆምኩ፤ ጅራፉ ጋ ስደርስ ትልቁ ልጃቸው አፈጠጠብኝ። ቢሆንም አነበብኩት። መጀመሪያ አንድ አሮጊት ሳቁ፣ ከዚያ ለቀስተኛው ሁሉ። ልጃቸውም ሳይወድ በግዱ ሳቀና «እሷው ናት! እናቴ ናት!» ብሎ ተንሰቀሰቀ። እኔም አልቻልኩም፣ አለቀስኩ።

ሊቀመንበሩ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳታነብ!» ብለው ተቆጡኝ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ግን ቅድም የሳቁት አሮጊት ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ቆመው ይጠብቁኛል።

«የእኛንስ መቼ ነው?»

«አሁን እንኳን ልብወለድ ይዣለሁ… በዕቅዴ መሠረት…»

«የምን ዕቅድ?»

«የአሥር ዓመት።»

ሦስቱም ተያዩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኛ አሥር ዓመት የለንም።»