የሚዘለኝ ጉርሻ

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ ለአስተማሪ ኪስ የሚስማማው የቀበሌ መዝናኛ ክበብ ነበር። አንዱን ያየ ሁሉንም አየ። መቂም ተሄደ ዓለም ጤና፣ ያው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የብረት ወንበር፣ ያው ድራፍት፣ ያው ጥብስ ነው። ሌላ ቡና ቤት የታየች ሴት ስም ይወጣላታል፤ የቀበሌው ግን የመንግሥት ነውና እናቴ እንኳ ዝም ትል ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የአስተማሪዎች ስብሰባ ሲያልቅ አራት ሆነን እንሄዳለን። እኔ፣ አብራኝ አንደኛ ክፍል የምታስተምር ጓደኛዬ፣ የመቂ ልጅ የሆነው የስፖርት አስተማሪ፣ እና እሱ። እሱ ሂሳብ ነበር የሚያስተምረው፤ ዝምተኛ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። እንደምወደው ከእሱ በቀር የማያውቅ አልነበረም።

ጥብሱ በአንድ ትሪ እንጀራ ላይ ተገልብጦ ይቀርባል። ማጉረስ የሚጀምረው እሱ ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል እያለ ጓደኛዬን ሁለት ጊዜ ያጎርሳታል። የመቂውን ልጅ እየታገለ ያጎርሰዋል። አሳላፊዋ እንኳ ባጠገቡ ካለፈች አትተርፍም። እኔ ጋ ሲደርስ ግን እጁ ይመለሳል።

መጀመሪያ ሰሞን ደሜ ይፈላ ነበር። ምን በድዬው ነው? አንድ ቅዳሜ እጄን ልታጠብ ብዬ ተነስቼ እዚያው ቧንቧው ጋ ቆሜ ቀረሁ። የመቂው ልጅ ተከትሎኝ መጣ።

«አንቺ ሞኝ፣» አለኝ፣ «እጁ እንዳይንቀጠቀጥበት ፈርቶ እኮ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ እስኪደርስ አላስችል አለኝ። ሌላው ለመጉረስ ይሄዳል፣ እኔ ለመዘለል። እጁን ሲመልስ ጆሮው ሥር ቅላት ይወጣል፤ እሱን አይቼ እጠግብ ነበር። እስካሁን ይናፍቀኛል። ዛሬ ይናገራል፣ በሚቀጥለው ይናገራል ስል ክረምት ገባና ወደ ሻሸመኔ ዝውውር ወጣለት። ሳይናገር ሄደ። እኔም ሴት ልጅ ቀድማ አትናገርም ተብዬ ያደግሁ ነኝ።

ዓመት አልፎ ለሴሚናር ሻሸመኔ ላኩኝ። አውቶቡሱ ከመድረሱ በፊት ልቤ ደርሶ ነበር። ማታውን እሱ ከአዳዲስ ጓደኞቹ ጋር ወደዚያው ወደ ቀበሌያቸው ክበብ ወሰደኝ። አጠገቡ አንዲት ቀጠን ያለች አስተማሪ ተቀመጠች፤ እኔን ፊት ለፊቱ አስቀመጡኝ። ትሪው ሲቀርብ መጀመሪያ ያጎረሰው እኔን ነው። ሁለት ጊዜ፣ በትልቁ፣ እጁ ቅንጣት ሳይንቀጠቀጥ።

«ብይ እንጂ፣» አለኝ፣ «እንግዳ እኮ ነሽ።»

ከዚያ ሁሉንም በየተራ አጎረሰ። አጠገቡ ያለችው ልጅ ጋ ሲደርስ እጁን መለሰ።

ልጅቷ አኮረፈች፤ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ለምን እንደዘለላት የሚነግራት ሰው ከመሃላቸው አልነበረም። እኔ አውቅ ነበር፣ አፌ ግን ሙሉ ነበር።