ተሰማ ግራ እጅ የላትም

ትናንት ከሰዓት ከቬጋስ ጥግ ሄንደርሰን አንድ ጂም ውስጥ ተቀምጬ ስታማ ዋልኩ... ያውም በገዛ ስሜ፣ በገዛ ጆሮዬ።

መጀመሪያ የስሜን ነገር ላስረዳ። ተሰማ እባላለሁ። ልጄ ዳዊት አሜሪካ ሲገባ «ላስት ኔም?» ሲሉት የአባቱን ስም ሰጣቸው። እሱ ሲወልድም ያው ስም ለልጁ ተላለፈ። ስለዚህ የልጅ ልጄ ኤደን ባስኬትቦል ስትጫወት ማሊያዋ ጀርባ ላይ የተጻፈው የኔ ስም ነው። ተመልካቹም «ኤደን» አይላትም፤ «ተሰማ» ነው የሚላት።

ትናንት ደግሞ ቀላል ቀን አልነበረም። ትልልቆቹ ኮሌጆች አጭር ናት ብለው ዞር ብለውም አላዩዋት። አንድ ትንሽ ኮሌጅ ብቻ አንዲት አሰልጣኝ ልኮ ነበር። ሴትዮዋ «ይቺን ጨዋታ አይቼ እወስናለሁ» ብላለች። ሌላ የጠየቃት የለም። ኤደን ከጭንቀት የተነሳ ቁርሷን መብላት አቃታት። እኔም ተጨንቄ ነበር፤ ግን የሷን ቁርስ በላሁላት።

ውጪ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጂሙ ውስጥ ኤሲው ደብረ ብርሃን ነው። ጃኬቴን እስከ አንገቴ ዘግቼ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ሁለት የኛ ልጆች መጡ። አንዱ ሳሚ ይባላል፣ ካዚኖ ውስጥ ካርድ አዳይ ነው፤ ከሺፍት በቀጥታ ስለመጣ ጥቁር ሰደርያውን እንኳ አላወለቀም። ሌላው ብሩክ፣ እዚሁ ቬጋስ የተወለደ ነው። የሐበሻ ልጅ ትጫወታለች ሲባል ሰምተው ነው የመጡት። እኔን አያውቁኝም።

ኳሱ ገና ሳይወረወር ሳሚ ጀመረ።

«ተሰማ እኮ ግራ እጅ የላትም፤ ኳስ የምታነጥረው በቀኝ ብቻ ነው» አለ።

ግራ እጄን አየሁት... አለ።

«ኖ ማን፣ ተሰማ ፈጣን ናት» አለ ብሩክ።

«ፍጥነት ምን ያደርጋል? ተሰማ አጭር ናት። ኮሌጅ ብትገባም ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው የምታረጀው።»

ዕድሜዬን ሙሉ ወንድ ሆኜ ኖሬ በስተርጅና ሴት ሆንኩ። ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቼ ዝም እላለሁ? ዞር አልኩ።

«ልጆች፣ ተሰማን እኔም አውቀዋለሁ። አጭር ነው ያላችሁት እውነት ነው። ሰነፍም ነው። ካልቀሰቀሱት አይነሳም።»

ሳሚ በትህትና ጎንበስ አለ። «አባባ፣ ተሰማ ሴት ናት።»

«ተው እንጂ... ይህን ለሚስቱ ማን ይነግራታል?»

ብሩክ አይኑ ፈጠጠ። «አግብታለች? ሃይስኩል አይደለች?»

«አያት ሁሉ ሆኗል» አልኩት።

ብሩክ ወደ ሳሚ ጠጋ ብሎ «አባባ ኦኬ ነው?» ሲል ሰማሁት።

«ናቸው በል» አለው ሳሚ።

ሳቄን ውጬ ወደ ጨዋታው ዞርኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ሳቁ ወዲያው ጠፋ። ተጋጣሚዎቹ የሳሚን ወሬ የሰሙ ይመስል ኤደንን በቀኝ በኩል ዘጉባት። ኳስ ተነጠቀች። ደግማ ተነጠቀች። ጥግ ላይ የተቀመጠችው አሰልጣኝ ስልኳን አውጥታ መነካካት ጀመረች...

«አላልኩህም? ተሰማ አለቀላት» አለ ሳሚ።

አሁን እንኳ አልሳቅሁም። የጃኬቴን ዚፕ ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ በኤሲው ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ከዚያ ኤደን አፏን ከፈተች። ቤት ውስጥ «ኧረ ቀስ ብለሽ አውሪ» እየተባለች ያደገች ልጅ፣ ያንን ጉሮሮዋን ለቀቀችው። አንዷን «ከኋላሽ» ትላለች፣ ሌላዋን «ውጪ፣ ውጪ» ትላለች፣ ረጅሟን በስሟ እየጠራች ቦታ ታስይዛለች። ጓደኞቿ እሷ ባዘዘችው ሁሉ መሮጥ ጀመሩ። ልዩነቱ እየጠበበ መጣ። ማብቂያው ላይ ኳስ ነጠቀች፣ ብቻዋን ወደ ቀለበቱ ሄደች፣ ሁለት ተከላካዮች ሲመጡባት ለረጅሟ አቀበለች። ረጅሟ አገባች። አሸነፉ። እኔ ለካ ወንበሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ሳሚ እንዳልወድቅ ጃኬቴን ይዞኛል።

«ግን ለምን ራሷ አልወረወረችም? ኮሌጅ የሚፈልገው አግቢ ነው» አለ፣ ጃኬቴን ሳይለቅ።

«ብሮ፣ እሷ እኮ ፖይንት ጋርድ ናት፣ ማቀበል ነው ስራዋ» አለ ብሩክ።

እነሱ ሲጨቃጨቁ ኤደን አሰልጣኟን እየመራች መጣች። ሴትዮዋ እጇን ዘረጋችልኝና «ሚስተር ተሰማ» አለችኝ።

ከኋላዬ ሳሚ ጃኬቴን ድንገት ለቀቀ።

አሰልጣኟ በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ተናገረች። ኤደን መተርጎም ነበረባት፤ ፊቷ ቀላ።

«ልጅቷ ጥሩ ናት ትላለች» አለችኝ ቀስ ብላ።

«የቷ ልጅ?»

«እኔ፣ አባባ... ቁመቷን ሳይሆን ድምጿን ነው የወደድኩት ትላለች። ጓደኞቿ ይሰሟታል ትላለች። ኮሌጁ ይፈልገኛል... ስኮላርሺፕ ይሰጡኛል።»

እንግሊዝኛዬ ባይረባም ይቺን ራሴ መናገር ፈለግሁ። «ተሰማ ማለት እኮ ድምፁን ሰው ሰማው ማለት ነው» አልኳት አሰልጣኟን። ሳቀች። ኤደን ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ጃኬቴ ረጠበ።

ኤደንና አሰልጣኟ ሲሄዱ ሳሚ ሰደርያውን እያስተካከለ ፊቴ ቆመ። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎን ማለቴ አልነበረም።»

«ግራ እጅ የለህም ብለኸኛል። ሽማግሌ አምቶ በይቅርታ ብቻ ማለፍ የለም፤ ካሳ አለው።»

«ምን ልካስዎት?»

«ኮሌጁ ሩቅ ነው። የመጀመሪያ ጨዋታዋን ልታሳየኝ አንተ ትነዳለህ፣ ብሩክ ውሃ ይይዛል።»

«ሺፍት ካለኝስ አባባ?»

«ትቀይራለሃ።»

ቀየረም አልቀየረም፣ ስልክ ቁጥሩን ተቀብያለሁ። እናንተም ልታሙኝ የምትፈልጉ ካላችሁ በሬ ክፍት ነው፤ ቤንዚን ሞልታችሁ ኑ።