ዳኛ ያጣው አስፋልት

ወንድሜን ገልባጭ መኪና ገጭቶ የገደለው ከቦሌ ቡልቡላ ወጣ ብሎ፣ ከተማውና ክልሉ «የኔ ነው፣ የኔ ነው» በሚባባሉበት አስፋልት ላይ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ሕግ ግን አላውቅም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሹፌሩ ዳኛ ፊት ይቁም።

የከተማው ፍርድ ቤት «ቦታው የክልሉ ነው» አለ። የክልሉ ደግሞ «የከተማው ነው» ብሎ መለሰው። መዝገቡ ሲመላለስ ሹፌሩ በዚያው መንገድ አሸዋ ያመላልሳል። እናቴ የመኪናውን ጥሩምባ ለይታዋለች። ሲያልፍ ተነሥታ በሩን ትዘጋለች።

በሰማንያው ቀን ተዝካር ሽማግሌው ጎረቤታችን ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ሰፈሩ እርሻ ሳለ እዚሁ ያረሱ ሰው ናቸው።

«እዚህ ዳኛ ጠፍቶ አያውቅም» አሉኝ። «በልጅነቴ ሾላው ሥር ይፈረድ ነበር። የከሳሽና የተከሳሽ ጋቢ ይቋጠርና አብረው ይውላሉ፤ እንዳያመልጥ። ቁራኛ ይባላል። ከዚያ የገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ መጣ። ከዚያ የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት። አሁን ሁለት ሆኑና አንድም ጠፋ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ አባባ?»

«በሕግ አምላክ በላቸው! አፍ የለህም? ድሮ እንዲህ የተባለ ሰው ንቅንቅ አይልም ነበር።»

ሰኞ የከተማው ፍርድ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ወንድሜ፣ ነገርኩህ እኮ። ሥልጣን የለንም» ብሎ ለምሳ ተነሣ። እኔ ስናደድ እንተባተባለሁ። ይሄ ቃል ግን ሳይሰበር ወጣ።

«በሕግ አምላክ!»

በኮሪደሩ የሚያልፈው ሁሉ ባለበት ቀረ። ጥበቃው ሳይቀር ቆመ። ሠራተኛው እየሄደ ሳቅ አለ። «የምን ድራማ ነው ደግሞ?»

«ቁም ተብለሃል እኮ፣ አትቆምም?» አሉ ከኋላዬ የተሰለፉ እናት። ሰዉ ሳቀ። ሰውዬው ግን ቆመ።

«ሥልጣን... ሥልጣን የለንም ካላችሁ፣ ዳኛው ችሎት ላይ ይንገሩኝ። ከርስዎ አልሰማም።»

ከበሩ አልተነቃነቅኩም። ከሰዓት በኋላ አስገቡኝ። ዳኛዋ መዝገቡን አገላበጡ። «ማን እንደሚያየው የበላይ ፍርድ ቤት ይወስናል» አሉ። «እስከዚያ ግን ሹፌሩ እዚህ ይቀርባል።»

በቀጠሮው ቀን ሹፌሩ መጣ። በዕድሜ ከኔ ብዙም አይበልጥም። ራቅ ብሎ ቆመ። ጃኬቴ ጃኬቱን እስኪነካ ተጠጋሁት። ፈቀቅ ሲል ፈቀቅ አልኩ።

ጋቢ አልለበስንም፤ የቋጠረንም የለም። ግን የትም አይሄድም።